«ኃይል ማጨድ» ወይስ «ቃርሚያ»? በአንድ የቴክኒክ ስያሜ አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ተርጓሚን ከሚያሳስቱ ቃላት ሁሉ እጅግ አታላዩ ቀላል መስሎ የሚቀርበው ነው። ባዕድ መልክ ያለው ቃል አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ መዝገበ ቃላት ያስገልጣል፤ ከባለሙያ ዘንድ ያስኬዳል። የገበሬ ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሙያዊ ቃል ግን ማንም ሳይጠረጥረው ደጁን አልፎ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምንሄሰው እንዲህ ሆኖ የገባን አንድ ስያሜ፣ ይልቁንም የዚያን ስያሜ የአማርኛ አተረጓጎም ነው።

እንግሊዝኛው ነገሩን «አምቢየንት ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ኢነርጂ ሃርቨስቲንግ» ይለዋል። ይኸውም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማሠራጫዎች፣ ከእጅ ስልክ ማማዎችና ከዋይፋይ መሣሪያዎች ወጥቶ በአየር ላይ ከተሠራጨው ሞገድ ጥቂቱን በአንቴና ተቀብሎ፣ ወደሚሠራበት ኤሌክትሪክ ለውጦ፣ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያን ያለ ባትሪና ያለ ሽቦ ማሠራት ነው። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ በሚጻፉና በሚተረጎሙ ጽሑፎች ውስጥ ሦስት አተረጓጎሞች ሲፈራረቁ አይተናል፤ እነርሱም «ኃይል ማጨድ»፣ «ኃይል መሰብሰብ» እና «ኃይል ማምረት» ናቸው።

ሂሱን ከራሳችን መጀመር ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአርትዖት በቀረበልን አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ «ኃይል መሰብሰብ» የሚለውን ሐረግ ያለ አንዳች ማስታወሻ አሳልፈነዋል። ጽሑፉን ያነበበ አንድ የቴክኒክ ተማሪ «እንግዲያው የሰፈራችን ሰው ሁሉ በየጣሪያው ላይ አንድ አንድ አንቴና ቢሰቅል ከመብራት ክፍያ ይድናል ማለት ነውን?» ሲል በጠየቀን ጊዜ፣ ስሕተቱ የተማሪው ሳይሆን የቃሉ፣ የቃሉም ብቻ ሳይሆን የእኛ መሆኑን ተረዳን። ተማሪው ያነበበውን በትክክል ተረድቷል፤ ያነበበው ግን ነገሩን በትክክል አልነገረውም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው ቢባል አይከፋንም።

2. ነገሩና መጠኑ

ስያሜን ለመመዘን አስቀድሞ የሚሰየመውን ነገር መመዘን ግድ ነው። ስለዚህ ለቋንቋ ሰው እንግዳ ቢሆኑም ጥቂት ቁጥሮችን እንጠቅሳለን።

እ.ኤ.አ. በ2009 አላንሰን ሳምፕልና ጆሹዋ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በዩናይትድ ስቴትስ በሲያትል ከተማ ያደረጉትን አንድ ሙከራ አሳተሙ። ከአንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ማማ 4.1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንቴናቸውን ወደ ማማው አነጣጥረው አቆሙ። የማሠራጫው የሥርጭት ኃይል 960 ኪሎዋት ነበር። በአንቴናው በኩል ተቀብለው ለመሥሪያ ያደረሱት 60 ማይክሮዋት ያህል ነው። አንድ ማይክሮዋት የአንድ ዋት አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህም ኃይል ሙቀትና እርጥበት የሚለካ፣ ልኩን በትንሽ መስኮት የሚያሳይ የቤት ውስጥ መሣሪያ ያለ ባትሪ ሠራ። ሙከራው የታሰበለትን ግብ መትቷል፤ የሚያስመሰግንም ሥራ ነው።

ቁጥሩን ወደ ዕለት ኑሮ መልሰን እንየው። 60 ማይክሮዋት ሌትና ቀን ሳይቋረጥ ቢጠራቀም በ24 ሰዓት ውስጥ 5.2 ጁል ያህል ይሆናል። በዛሬው ጊዜ በብዙ ሰው እጅ የሚገኝ ስልክ ባትሪ ደግሞ 15 ዋት ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 54,000 ጁል ያህል ይይዛል። እንግዲህ በዚያ አንቴና አንድን የስልክ ባትሪ አንድ ጊዜ ለመሙላት፣ በመካከል አንዳች ሳይባክን፣ ከ28 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሥራው በተጀመረበት ዕለት የተወለደ ሕፃን ባትሪው ሲሞላ ልጆች ወልዶ ይጠብቀዋል።

የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎችም በከተማው 270 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ደጃፍ ላይ የሞገዱን መጠን ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አውጥተዋል። ከሁሉ በልጦ በተገኘው የእጅ ስልክ የሞገድ ክልል እንኳ አማካዩ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ100 ናኖዋት በታች ነበር። የቀትር ፀሐይ በጠራ ሰማይ በዚያው ስፋት ላይ 100 ሚሊዋት ያህል ታፈሳለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ አያንስም።

የደረሰውም ሁሉ እጅ አይገባም። ሞገዱ በአንቴናው ላይ የሚያስነሣው ኤሌክትሪክ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን ይለዋውጣል። መሣሪያን ለማሠራት ወደ አንድ አቅጣጫ መቅናት አለበት። ይህን የሚያደርገው ዳዮድ የተባለው ዕቃ ሲሆን፣ ዳዮድ እንደ በር ጠባቂ ነው፤ እጅግ ደክሞ የመጣውን እንደ ልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞገዱ በደከመ ቁጥር የሚባክነው ድርሻ ይበዛል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የነገሩ ጠባይ ሦስት መሆኑን ነው። አንደኛ፣ ኃይሉን የሚወስደው ሰው ሞገዱን አላሠራጨውም። ሁለተኛ፣ አሠራጩ ሞገዱን የላከው ለሌላ ጉዳይ፣ ለዜናው፣ ለዘፈኑ፣ ለስልኩ ንግግር ነው። ሦስተኛ፣ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። መልካም ስያሜ ከነዚህ ጠባዮች ቢያንስ አንዱን ማሳየት አለበት፤ አንዳቸውንም መካድ የለበትም። ሦስቱን አተረጓጎሞች በዚህ ሚዛን እንያቸው።

3. ሦስቱ አተረጓጎሞች

«ኃይል ማጨድ»። ይህ የእንግሊዝኛውን ቃል በቀጥታ ለማምጣት የተደረገ ሙከራ ነው። በአማርኛችን ግን ማጨድ የዘራ ሰው ሥራ ነው። መዝራትና ማጨድ የአንድ ድካም መነሻና መድረሻ ሆነው ተቆራኝተዋል፤ «የዘራውን አጨደ» ስንል የሥራውን ዋጋ አገኘ ማለታችን ነው። ባልዘራበት የሚያጭድ ሰው ደግሞ በመንደሩ ዘንድ ስሙ ሌላ ነው። ስለዚህ «ማጨድ» የመጀመሪያውን ጠባይ ይክዳል፤ ተቀባዩን ባለ እርሻ ያደርገዋል። ችግሩ በዚህ አያበቃም። «ኃይል» በአማርኛ ሠራዊትም ነው፤ «ማጨድ» ደግሞ በጦር ሜዳ ወሬ ውስጥ በጅምላ መግደል ነው። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላውን የጦርነት ፍች ይቀሰቅሳል። «ኃይል አጫጅ» የሚለውን ከዐውዱ ነጥሎ ላነበበ ሰው የሚታየው መትረየስ እንጂ አንቴና አይደለም።

«ኃይል መሰብሰብ»። እኛም የተሳሳትንበት ይህ ነው። ስሕተቱ እንደ ፊተኛው ጎልቶ አይታይም፤ የሚያሳስተውም ስለዚህ ነው። መሰብሰብ ሰፊ ቃል ነው፤ ግብር ይሰበሰባል፣ ጉባኤ ይሰበሰባል፣ እህልም ይሰበሰባል። ሁሉን የሚያቅፍ ቃል አንዱን ነገር ለይቶ አያሳይም። ከዚህም በላይ «ኃይል መሰብሰብ» በአማርኛ ቀድሞ የተያዘ ሐረግ ነው። የጦር አዝማች ኃይሉን ይሰበስባል፤ ከሕመም ያገገመ ሰውም ኃይሉን ይሰበስባል። በሁለቱም አገባብ የሚሰበሰበው የራስ የሆነ፣ ሲሰበሰብም የሚበዛና የሚያስተማምን ነገር ነው። ተማሪያችን ስለ ጣሪያ አንቴና የጠየቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

«ኃይል ማምረት»። ከሦስቱ እጅግ የከፋው ይህ ነው። ስሕተቱ እንዴት እንደ ተወለደ ግን ለቋንቋ ሰው ግልጽ ነው። ተርጓሚው «ሃርቨስት» ለሚለው ስም «ምርት» የሚል አቻ በመዝገበ ቃላት አገኘ፤ ይህ ስሕተት የለበትም፤ ገበሬው ከአውድማ የሚያስገባው ምርት ነውና። ቀጥሎም ከስሙ ወደ ግሡ ተሻገረና «ማምረት» አለ። ነገር ግን «ምርት» አንድ እግሩን በአውድማ፣ ሌላውን በፋብሪካ ያቆመ ቃል ነው። ስሙ ወደ አውድማው ሲያይ ግሡ በዛሬ አማርኛ ወደ ፋብሪካው ያዘነብላል። «ኃይል ማምረት» ያልነበረውን ኃይል ማስገኘት፣ እንደ ግድብና እንደ ተርባይን ማመንጨት ማለት ይሆናል። አንቴናው ግን አንዳች አያመነጭም፤ ሌላው በከፈለበት ኤሌክትሪክ የተላከውን ይቀበላል እንጂ። እዚህ ላይ ስያሜው የመጠንና የባለቤትነት ስሕተት ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ስሕተት ሆነ።

እንግሊዝኛውስ ይህ ጉድለት የለበትምን? አለበት። ይሁን እንጂ በዚያ ቋንቋ «ሃርቨስት» ከመዝራት ጋር የነበረው ቁርኝት ከላላ ቆይቷል፤ የዝናብ ውኃም በዚሁ ቃል ይጠራል። ደግሞም በዚህ ሙያ ጽሑፎች ውስጥ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ «ስካቨንጂንግ» የሚል ሌላ ቃል ጎን ለጎን ይሠራበት ነበር። ይህ ሌላው የተወውን፣ የጣለውን እየፈለጉ መልቀም ማለት ነው። ለነገሩ የቀረበው ይህ ሁለተኛው ሲሆን፣ እየተለመደ የሄደው ግን ፊተኛው ነው። አጫጅ መባል ከጥራጊ ለቃሚ ከመባል የተሻለ ማዕርግ እንዳለው መገመት አያስቸግርም። የሌላው ቋንቋ ተናጋሪዎች ለማዕርግ ሲሉ የመረጡትን ቃል እኛ ለትክክለኛነት ሲሉ የመረጡት አድርገን መውሰድ አይገባንም።

በአገራችን የተሻለ ምሳሌ አለን። የዝናብ ውኃን በጉድጓድ ይዞ ለበጋ ማቆየት በእንግሊዝኛ በዚሁ በ«ሃርቨስቲንግ» ይጠራል። አማርኛው ግን «ውኃ ማቆር» ሆነ፤ «ውኃ ማጨድ» ያለ የለም። ይህን ስያሜ ያስለመዱት ሰዎች ከእንግሊዝኛው ቃል ፊታቸውን መልሰው ጉድጓዱን አዩ፤ ውኃው በዚያ ምን እንደሚሆን ጠየቁ፤ መልሱንም ከሕዝቡ አንደበት አገኙ። ስለ ሞገዱም ልናደርግ የሚገባን ይህንኑ ነበር።

4. ስለ ተጓዳኝ ቃላት

ከዋናው ግሥ በፊት ሦስት ተጓዳኝ ቃላትን ማጥራት ይኖርብናል።

የመጀመሪያው «ኃይል» ነው። በቴክኒክ ጽሑፍ በጁል የሚለካው ክምችትና በዋት የሚለካው ፍሰት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አማርኛው ሁለቱንም «ኃይል» እያለ ሲጠራ አንባቢው የጎርፉን ፍጥነትና የኩሬውን ይዞታ ሳይለይ ይቀራል። ከላይ ያደረግነው የ28 ዓመት ስሌት የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስም መንገዱን ያመለክተናል፤ «ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር» እና «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል» የሚሉት ስሞች «ኢነርጂ»ን ለክምችቱ፣ «ኃይል»ን ለፍሰቱ ለመለየት የሚያመች ልማድ ፈጥረዋል። እኛም ይህን ልማድ እንድንከተል እንመክራለን። ውሰት ቢሆንም «ኢነርጂ» በዚህ ቦታ ቦታውን አግኝቷል።

ሁለተኛው «ፍሪኩዌንሲ» ነው። በመማሪያ መጻሕፍት «ድግግሞሽ» ተብሏል፤ መልካም ነው። ነገር ግን «የሬዲዮ ድግግሞሽ መሰብሰብ» የሚል አጻጻፍ ስናይ ተርጓሚው ነገሩን ከልኩ ጋር እንዳቀላቀለ እንረዳለን። ድግግሞሽ የሞገድ ጠባይ መለኪያ ነው፤ አይሰበሰብም። ገበሬ ጤፉን ያጭዳል እንጂ የጤፉን ቁመት አያጭድም። በዚህ ሐረግ ውስጥ «የሬዲዮ ሞገድ» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው «አምቢየንት» ሲሆን ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። «የአካባቢ ኃይል» ብንል አንባቢው የወረዳውን መብራት፣ ወይም የአካባቢ ጥበቃን ያስባል። «ከባቢ» ብንል «ከባቢ አየር» ይከተለዋል፤ ነፋስ የሚያሠራው ነገር ይመስላል። በዚህ አገባብ የቃሉ ቁም ነገር ስለ ቦታ አይደለም። ሞገዱ በዙሪያችን መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ ለእኛ ተብሎ ያልተላከ መሆኑን ይናገራል። ይህን የሚሸከም ቅጽል በአማርኛ ስንፈልግ ቆይተን ነው ቅጽል እንደማያስፈልገን የተረዳነው፤ ፍቹን በሆዱ የያዘ ግሥ አለና።

5. ቃርሚያ

አዝመራው ታጭዶ፣ ነዶው ተሰብስቦ፣ ባለቤቱ ፊቱን ከማሳው ካዞረ በኋላ የወደቀውን ዛላ እያጎነበሱ መልቀም «መቃረም» ይባላል፤ የተገኘውም «ቃርሚያ» ነው። ቃራሚው አልዘራም። ባለ ማሳው ለቃራሚው ብሎ አልዘራም። የሚገኘውም በጎተራ ሳይሆን በእፍኝ ይለካል። ከላይ የዘረዘርናቸው ሦስት ጠባዮች ሳይጎድሉ በአንድ ቃል ውስጥ ተገኙ ማለት ነው። በቦዔዝ እርሻ የቃረመችውን የሩትን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ከመሐንዲሱ ዘንድ ሳይደርስ የነገሩን ግማሽ ይረዳል።

ቃሉ ከማሳ ወጥቶ ወደ ሌላ ጉዳይ መሻገርንም አስቀድሞ ለምዷል። ወሬ ይቃረማል፤ ዕውቀት ይቃረማል፤ ጸሐፊ ከየመጻሕፍቱ የቃረመውን ያቀርባል። መዝገበ ቃላት የምናዘጋጅ ሰዎችም ብንሆን ከየገበያውና ከየቀዬው ቃል ስንለቅም የምንሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «የሞገድ ቃርሚያ» ማለት ቋንቋውን ያልለመደው መንገድ ላይ መግፋት አይሆንም፤ በለመደው መንገድ አንድ እርምጃ ማራመድ ነው።

ሙያዊ ቃል በርባታው ይፈተናል፤ አንድ ስም ብቻውን ለሙያ አይበቃምና። «ቃረመ» ይህን ፈተና ያልፋል። ሥራው «መቃረም»፣ ውጤቱ «ቃርሚያ»፣ መሣሪያው «ሞገድ ቃራሚ»፣ የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ «መቃረሚያ»፣ የተገኘው «የተቃረመ ኢነርጂ» ይሆናል። በአንጻሩ «ማጨድ»ን ብንወስድ መሣሪያው «ማጭድ» ሊሆንብን ነው።

የ«አምቢየንት»ም ችግር በዚሁ ይፈታል። በእንግሊዝኛ «ሃርቨስቲንግ» ብቻውን ሞገዱ ለማን እንደተላከ ስለማይናገር ቅጽል አስፈለገው። «ቃርሚያ» ግን ለሌላ የታሰበ ነገር ትርፍ መሆኑን ራሱ ይናገራል። «ከሬዲዮ ሞገድ ኢነርጂ መቃረም» በረጅሙ፣ «የሞገድ ቃርሚያ» ባጭሩ፣ የአምስቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ሥራ አሟልቶ ይሠራል።

6. ቃርሚያ ያልሆነው

የመልካም ስያሜ ሌላው ጥቅም የማይጨምረውን ለይቶ ማስወጣቱ ነው። በእንግሊዝኛው ስም ሥር አንዳንድ ጊዜ ተደባልቀው የሚቀርቡ ሌሎች ሥራዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዊልያም ብራውን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተርን ከመሬት በተላከላት የማይክሮዌቭ ጨረር ብቻ 18 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አበረረ። እ.ኤ.አ. በ1975ም በካሊፎርኒያ በረሃ፣ በጎልድስቶን፣ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ከ30 ኪሎዋት የሚበልጥ ኃይል በጨረር ተልኮ ተቀባዩ ዘንድ ደረሰ። ይህ ቁጥር ከሲያትሉ 60 ማይክሮዋት ጋር ሲነጻጸር አምስት መቶ ሚሊዮን እጥፍ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የመሣሪያ ብልጫ ብቻ አይደለም፤ በጎልድስቶን ጨረሩ ወደ ተቀባዩ ተነጣጥሮ፣ ለተቀባዩ ተብሎ መላኩ ነው። ይህ ቃርሚያ አይደለም፤ «ሽቦ አልባ ኃይል ማስተላለፍ» ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 በሞስኮ ለአሜሪካ አምባሳደር በስጦታ መልክ ተሰጥቶ እስከ 1952 ድረስ ሳይታወቅ የቆየው የስለላ መሣሪያም እንዲሁ ነው። የሠራው ሊዮን ቴርሚን ሲሆን፣ ባትሪ አልነበረውም፤ የሚሠራው ከውጭ ሆን ተብሎ በተላከበት የሬዲዮ ጨረር ነበር። በዛሬው ጊዜ በር የሚከፍቱ፣ የጉዞ ሒሳብ የሚከፍሉ ካርዶችም ኃይላቸውን የሚያገኙት ካነበባቸው መሣሪያ ነው። እነዚህ ሁሉ ባትሪ አልባ ናቸው፤ ነገር ግን ቃራሚዎች አይደሉም፤ ቀለባቸው የተቆረጠላቸው ናቸው። ለእነዚህ «ድርጎ» የሚለውን ነባር ቃል ብንሞክርስ ብለን ነበር፤ ቃሉ ውብ ቢሆንም ዛሬ ከታሪክ አንባቢ በቀር የሚያውቀው ስላነሰ አልገፋንበትም።

የባለ ክሪስታሉ ሬዲዮ ጉዳይ በድንበሩ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1944 በጣሊያን በአንዚዮ ግንባር የነበሩ ወታደሮች በምላጭና በእርሳስ ሬዲዮ ሠርተው ያለ ባትሪ ያዳምጡ ነበር። ማዳመጫውን የሚያሠራው የሞገዱ የራሱ ኃይል ነው። ሆኖም ሥርጭቱ ለአድማጭ የተላከ ነውና ወታደሩ የተላከለትን ተቀበለ እንጂ አልቃረመም። የዛሬው ቃራሚ ግን መልእክቱን ትቶ ጉልበቱን ብቻ ይወስዳል።

በሌላው ጫፍ ስርቆት አለ። ከማሠራጫው ርቆ የቆመ አንቴና ማሠራጫውን ተጨማሪ ኃይል አያስወጣውም፤ የወሰደው እንዲያውም በዛፍና በግድግዳ ላይ ሊቀር የነበረውን ነው። በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር የሽቦ ጥምጥም ዘርግቶ መብራት የሚያበራ ሰው ግን ከመስመሩ ራሱ ይስባል፤ የሳበውንም ያህል ባለቤቱ ይከፍላል። ይህ ነዶ ሳይነሣ ማሳ መግባት ነው። አማርኛው ለዚህም የቆየ ቃል አለው፤ አዲስ ስያሜ አያስፈልገውም።

7. የሚነሡ ተቃውሞዎች

ሐሳባችንን ለሥራ ባልደረቦቻችን ባቀረብን ጊዜ የገጠሙንን ተቃውሞዎች ሳንደብቅ እንገልጣለን።

አንደኛው፣ «ቃርሚያ» የድኻ ቃል ነው፤ ለረቀቀ ቴክኒክ አይመጥንም የሚል ነው። እኛ ግን ቃሉ የተመረጠው ለዚሁ ነው እንላለን። በዚህ ሙያ ያለው ጥበብ በጥቂት መኖርን ማወቅ ነው። እያንዳንዱን ማይክሮዋት ሳያባክኑ መያዝ፣ በካፓሲተር ማጠራቀም፣ መሣሪያውን አብዛኛውን ጊዜ አስተኝቶ ለአንዲት አፍታ ብቻ ማንቃት የቃራሚ እንጂ የባለ ጎተራ ብልኃት አይደለም። ማዕርግ ያለው ቃል ተመርጦ ሰው የሚታለል ከሆነ ማዕርጉ ለማን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2010 በላስ ቬጋስ በተደረገ የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን ላይ ከዋይፋይ ሞገድ የስልክ ባትሪ ይሞላል የተባለ መሣሪያ ቀርቦ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ እንደተነገረለት ሆኖ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። «ኃይል ማምረት» የሚለውን ያነበበ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመግዛት ገንዘቡን ያወጣል። «ቃርሚያ» የሚለውን ያነበበ ግን ቢያንስ «ስንት እፍኝ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው፣ በቃላት ምስል ይህን ያህል መጨነቅ አይገባም፤ ምስል በአገልግሎት ይሞታል የሚል ነው። እውነት አለው። «ስልክ» ከዐረብኛ ሲመጣ ሽቦ ማለት ነበር፤ ዛሬ «ሽቦ አልባ ስልክ» ስንል ማንም አይስቅም። ነገር ግን ምስሉ የሚሞተው ነገሩ በሰው ሁሉ እጅ ከገባና ከታወቀ በኋላ ነው። ነገሩ ገና እንግዳ ሳለ አንባቢው ያለው ዕውቀት ከስያሜው የሚያገኘው ብቻ ነው። ስልክን ያልነካው ሰው ዛሬ የለም፤ ሞገድ ቃራሚን የነካው ግን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው፣ ኢነርጂ ከመኪና ንዝረት፣ ከጋለ ቱቦ፣ ከፀሐይም ይወሰዳል፤ ለሁሉ ቃርሚያ ይባላልን? የሚል ጥያቄ ነው። ፈተናው አንድ ነው፤ ለሌላ ሥራ የወጣ ትርፍ ከሆነ ቃርሚያ ነው። የሞተር ንዝረትና የቱቦ ሙቀት በዚህ ይገባሉ። የፀሐይ ብርሃን ግን የማንም ማሳ ትራፊ አይደለም፤ መጠኑም የመኸር እንጂ የቃርሚያ አይደለም፤ «የፀሐይ ኃይል» የሚለው የተለመደ ስም ይበቃዋል።

አራተኛው የመሐንዲሶች ነው፤ የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ በፊደላችን ጽፈን ብንተወውስ ይላሉ። ውሰትን አንጠላም፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንቴና፣ ዳዮድና ካፓሲተር ያልነው ሳንቸገር ነው። እነዚህ የዕቃ ስሞች ናቸው፤ ዕቃውን ያየ ስሙን ይይዛል። መቃረም ግን የሥራ ስም ነው፤ ሥራውን በዓይን ማየት ለማይችል አንባቢ ቃሉ ራሱ ሥራውን ማሳየት አለበት።

አንድ ችግር ግን ሳንክድ እንተዋለን። በከተማ ያደገ ወጣት ማሳ ላይ ሲቃረም አላየም ይሆናል። ይህ ለአጠቃቀሙ የሚቀርብ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ተርጓሚው ቃሉን በመጀመሪያ ባገባበት ስፍራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፍታው።

8. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች «ኃይል ማጨድ» እና «ኃይል ማምረት» ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ እንዳይሠራባቸው፣ «ኃይል መሰብሰብ»ም እንዲታረም እያሳሰብን፣ የሚከተሉትን ቃላት ለአንባብያን ሂስ እናቀርባለን።

ቃርሚያ፣ የሞገድ (ስም)፦ ለሌላ ዓላማ ተሠራጭቶ በአየር ላይ ከሚገኝ የሬዲዮ ሞገድ ጥቂት ኢነርጂ ተቀብሎ አነስተኛ መሣሪያን የማሠራት ሥራ፤ ውጤቱም።

ቃረመ (ግሥ)፦ በቴክኒክ፣ ከሞገድ፣ ከንዝረት ወይም ከሙቀት ትርፍ ኢነርጂ ወሰደ።

ሞገድ ቃራሚ (ስም)፦ አንቴናን፣ ማቅኛንና ማጠራቀሚያን የያዘ የሞገድ መቃረሚያ መሣሪያ።

ማቅኛ (ስም)፦ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያቀና ክፍል። «አቅኚ» የሚለው አገር ለሚያቀናው ሰው ስለሚሠራበት ለዕቃው «ማቅኛ» ተመርጧል።

ባለማቅኛ አንቴና (ስም)፦ ሞገድን ተቀብሎ እዚያው የሚያቀና አንቴና።

ባትሪ አልባ (ቅጽል)፦ ያለ ባትሪ የሚሠራ፤ ቃራሚም ሆነ ኃይል የሚተላለፍለት።

ሽቦ አልባ ኃይል ማስተላለፍ (ስም)፦ ለታወቀ ተቀባይ ታስቦ ኃይልን በጨረር ወይም በመግነጢስ መላክ፤ ከቃርሚያ የተለየ።

ተርጓሚዎችና መምህራን ከየአካባቢያቸው ለቃርሚያ የሚሠራበትን ሌላ ቃል፣ ለቃሉም የሚሰጡትን የተለየ ፍች ቢልኩልን መዝገባችን ይሞላል። የእኛም ሥራ ቢሆን ከሌላው ማሳ የተገኘ እፍኝ ነውና።